አንቲቫይረሱ ከወጣ በኋላ ባክአፓችሁ ይሠራል?



የመመረቂያ ጽሑፍ ማስረከቢያ ሲቃረብ በየዶርሙ የሚደጋገም ጥያቄ አለ፦ «ላፕቶፔ በጣም ከበደኝ፤ አንቲቫይረሱን ላጥፋው?» ጥያቄው ተገቢ ነው። የሙከራ ጊዜው ያለፈበት አንቲቫይረስ ጥበቃው ይቀንሳል፤ የኮምፒውተሩን አቅም መሻማቱና «ክፈሉ» እያለ መጨቅጨቁ ግን አይቀርም። ችግሩ ግን አንቲቫይረሱ ሲወጣ አብሮት ሊቆም የሚችል ሌላ ነገር መኖሩ ነው። ይኸውም ኮምፒውተሩ በራሱ ጊዜ እየጠበቀ የሚያስቀምጠው የፋይል ቅጂ፣ በተለምዶ ባክአፕ የምንለው ነው።

ይህ ሲቆም ብዙ ጊዜ ድምፅ አያሰማም። ላፕቶፑ ይከፈታል፤ ወርዱም ኤክሴሉም እንደ ቀድሞው ይሠራል። ባክአፑ ከሁለት ወር በፊት መቆሙ የሚታወቀው ሃርድ ዲስኩ የተበላሸ ዕለት ነው። በባኮ ወይም በሆለታ የግብርና ምርምር ማዕከል ማሳ ላይ የአንድ ክረምት መረጃ የሰበሰበ ተማሪ መረጃው ቢጠፋበት ያን ክረምት መልሶ ሊያገኘው አይችልም። ጽሑፉን እንደገና መጻፍ ይቻላል፤ ዝናቡን ግን እንደገና ማዝነብ አይቻልም። ስለዚህ አንቲቫይረስ ስናወጣ ባክአፑን እንዴት እንደምንፈትሽና እንደምንጠግን በቅደም ተከተል እንይ። የምንነጋገረው አብዛኞቻችን ስለምንጠቀምባቸው ዊንዶውስ 10 እና ዊንዶውስ 11 ነው።

ባክአፑ ለምን ይቆማል?

አንቲቫይረስ እንደ ወርድ ወይም እንደ ቪዲዮ ማጫወቻ በላይ በላዩ የተቀመጠ ፕሮግራም አይደለም። የሚከፈተውንና የሚጻፈውን ፋይል ሁሉ ለመመርመር በፕሮግራሞችና በሃርድ ዲስኩ መካከል እንደ በረኛ ይቆማል። በረኛው በአግባቡ ካልተሰናበተ በሩ ተዘግቶ ሊቀር ይችላል። በዚህ መሠረት ባክአፕ የሚቆምባቸው ምክንያቶች በአራት ይጠቃለላሉ።

አንደኛ፣ ባክአፑ የራሱ የአንቲቫይረሱ ሊሆን ይችላል። ለምሳሌ ኖርተን 360 በኢንተርኔት የሚሠራ የራሱ ባክአፕ አለው፤ ካስፐርስኪ ቶታል ሴኩሪቲም የራሱ የባክአፕ ክፍል ነበረው። ተጠቃሚው «ዊንዶውሱ ያስቀምጥልኛል» ብሎ ያስባል። ሲያስቀምጥ የነበረው ግን አንቲቫይረሱ ስለሆነ ሁለቱ አብረው ይሄዳሉ።

ሁለተኛ፣ ቅሪት ይኖራል። ዊንዶውስ ክፍት የሆኑ ፋይሎችን ሳይቀር ለመቅዳት «ቮልዩም ሻዶው ኮፒ» በሚባል አገልግሎት ይጠቀማል። አገልግሎቱ የዲስኩን ይዞታ ልክ እንደ ፎቶግራፍ በአንድ ቅጽበት ይይዛል። ግማሹ ወጥቶ ግማሹ የቀረ አንቲቫይረስ ይህን ሥራ ሊያደናቅፈው ይችላል።

ሦስተኛ፣ አገልግሎቶች ተዘግተው ሊቀሩ ይችላሉ። «ኮምፒውተር እናፈጥናለን» የሚሉ ፕሮግራሞች፣ ከአንቲቫይረስ ጋር ተጣምረው የሚመጡትም ጭምር፣ አያስፈልጉም ያሏቸውን የዊንዶውስ አገልግሎቶች ያጠፋሉ። ፕሮግራሙ ቢወጣም ያጠፋው አገልግሎት እንደጠፋ ሊቀር ይችላል።

አራተኛ፣ አዲሱ ጠባቂ ባክአፑን ላያውቀው ይችላል። ሌላ አንቲቫይረስ ሲወጣ የዊንዶውስ የራሱ ጠባቂ ዲፌንደር ሥራውን ይረከባል። በውስጡ «ኮንትሮልድ ፎልደር አክሰስ» የተባለው መከላከያ ከተከፈተ፣ የማያውቀው የባክአፕ ፕሮግራም ወደ ተጠበቁ ፎልደሮች እንዳይጽፍ ይከለክለዋል።

ከመንካታችሁ በፊት በእጅ ቅዱ

ማናቸውንም ነገር ከመንካታችሁ በፊት ዋና ዋና ፋይሎቻችሁን በእጃችሁ ወደ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ወይም ወደ ንጹሕ ፍላሽ ገልብጡ። የመመረቂያ ጽሑፉ፣ ጥሬ መረጃው፣ ፎቶዎቹና የትምህርት ማስረጃ ቅጂዎቹ ይበቃሉ። ይህ ግማሽ ሰዓት ሊወስድ ይችላል። ከዚህ በኋላ በጥገናው ላይ የሚፈጠረው ስህተት ሁሉ የሚታረም ይሆናል። ላፕቶፑ የዩኒቨርሲቲው ወይም የቢሮ ከሆነ ግን አትንኩት፤ ለአይሲቲ ክፍሉ አሳውቁ።

አንቲቫይረሱን ከነሥሩ ማውጣት

በሴቲንግ ውስጥ «አፕስ» ግቡና የአንቲቫይረሱን ስም ፈልጋችሁ «አንኢንስቶል» በሉት። ፎልደሩን ከሲ ድራይቭ ላይ በዴሊት ማጥፋት ማውጣት አይደለም፤ ቅሪት የሚያበዛው እንዲያውም ይኸው ነው።

ከዚያ ኮምፒውተሩን «ሪስታርት» አድርጉት። «ሻት ዳውን» ብሎ መልሶ ማብራት ተመሳሳይ ይመስላል፤ አይደለም። «ፋስት ስታርትአፕ» በተከፈተባቸው ላፕቶፖች ላይ ሻት ዳውን የሲስተሙን ከፊል ይዞታ አስቀምጦ በማግስቱ እንዳለ ይመልሰዋል። ሁሉን ከመጀመሪያው የሚያስነሳው ሪስታርት ነው።

ቀጥሎ የአምራቹን የማጽጃ መሣሪያ ተጠቀሙ። ካስፐርስኪ፣ አቫስት፣ ኢሴት፣ ኖርተንና ማካፊ ቅሪታቸውን የሚያጸዳ ትንሽ ፕሮግራም በየድረ ገጻቸው በነፃ ያቀርባሉ። ከአምራቹ ገጽ እንጂ ከሌላ ቦታ ወይም ከሰው ፍላሽ አትውሰዱ። ካጸዳችሁ በኋላ እንደገና ሪስታርት አድርጉ።

ጠባቂው መተካቱን ማረጋገጥ

በስታርት መፈለጊያ «ዊንዶውስ ሴኩሪቲ» ብላችሁ ክፈቱ። በውስጡ ባለው ሴቲንግ «ማኔጅ ፕሮቫይደርስ» የሚል ቦታ አለ፤ በአሁኑ ሰዓት ኮምፒውተሩን የሚጠብቀው ማን እንደሆነ ይዘረዝራል። ያወጣችሁት አንቲቫይረስ ስም አሁንም እዚያ ካለ ቅሪቱ አልጸዳም ማለት ነው፤ ወደ ማጽጃ መሣሪያው ተመለሱ። የሚታየው ዲፌንደር ከሆነና መሥራቱን ካሳየ ጥሩ ነው።

በግል ላፕቶፓችሁ ላይ «ይህ በአስተዳዳሪያችሁ የሚመራ ነው» የሚል መልእክት ካያችሁ፣ አንድ ፕሮግራም ዲፌንደርን በትእዛዝ ዘግቶታል ማለት ነው። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ የአንቲቫይረስ ቅሪት ወይም ክራክ ነው። «ኤክስክሉዥንስ» የሚለውን ዝርዝርም እዩ። ክራክ ሲጫን «ይህን ፎልደር አትፈትሽ» የሚል ትእዛዝ እዚያ ይጻፋል፤ የማታውቁት ነገር ካገኛችሁ አስወግዱት።

ስለ ክራክ አንድ ነገር እንጨምር። የሰው ሀቅ ጉዳይ ስለሆነ የሸሪዓውን ብይን ዓሊሞቻችንን መጠየቅ ይገባናል። በቴክኒኩ በኩል ግን ነገሩ ግልጽ ነው። አንቲቫይረስን በክራክ መጫን ዘበኛ ለመቅጠር የቤትን ቁልፍ ለማያውቁት ሰው እንደ መስጠት ነው። ዲፌንደር ከዊንዶው ጋር ያለ ተጨማሪ ክፍያ ስለሚመጣ ለተማሪ የተሰረቀ አንቲቫይረስ የሚያስፈልግበት ምክንያት የለም።

የተዘጉ አገልግሎቶችን መክፈት

በስታርት መፈለጊያ «ሰርቪስስ» የሚለውን በእንግሊዝኛ ጽፋችሁ ክፈቱ። ከሚመጣው ረጅም ዝርዝር ውስጥ አራት ስሞችን ፈልጉ፦ «ቮልዩም ሻዶው ኮፒ»፣ «ማይክሮሶፍት ሶፍትዌር ሻዶው ኮፒ ፕሮቫይደር»፣ «ዊንዶውስ ባክአፕ» እና «ፋይል ሂስትሪ ሰርቪስ»።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይደናገራል። አገልግሎቶቹ «ራኒንግ» ስለማይሉ የተበላሹ ይመስላሉ። አልተበላሹም። የአጀማመር ዓይነታቸው «ማንዋል» ከሆነ ሲፈለጉ ተነሥተው ሥራቸውን ጨርሰው ይተኛሉ። ችግር የሚሆነው «ዲሴብልድ» የሚል ሲሆን ብቻ ነው። እንዲህ ያለውን ሁለቴ ተጭናችሁ ክፈቱና ወደ «ማንዋል» መልሱት። ሁሉንም «አውቶማቲክ» ማድረግ አያስፈልግም፤ ላፕቶፑን ያከብዳል እንጂ አይጠቅምም።

ሲስተም ሪስቶርና ፋይል ሂስትሪ አንድ አይደሉም

ዊንዶውስ ሁለት የተለያዩ መጠባበቂያዎች አሉት፤ ሰው ግን ይቀላቅላቸዋል። «ሲስተም ሪስቶር» ዊንዶውሱን ራሱን፣ ማለትም የሲስተም ፋይሎችንና የተጫኑ ፕሮግራሞችን፣ ወደ ኋላ ይመልሳል። የጠፋ የመመረቂያ ጽሑፍ ግን አይመልስም። በስታርት መፈለጊያ «ክሪኤት ኤ ሪስቶር ፖይንት» ብላችሁ ስትከፍቱት ከሲ ድራይቭ ጎን «ኦፍ» የሚል ካለ «ኮንፊገር» በሚለው ገብታችሁ ክፈቱትና አንድ ነጥብ ወዲያው ፍጠሩ። በብዙ ላፕቶፖች ላይ ከመጀመሪያውም ዝግ ሆኖ ይገኛል።

የእናንተን ፋይል የሚያስቀምጠው «ፋይል ሂስትሪ» ነው። በኮንትሮል ፓናል ውስጥ «ሲስተም ኤንድ ሴኩሪቲ» በሚለው ሥር ይገኛል። ኤክስተርናል ዲስካችሁን ሰኩና «ተርን ኦን» በሉት። ቀድሞ ተከፍቶ ከነበረና ካልሠራ አንዴ ዘግታችሁ ዲስኩን በ«ሴሌክት ድራይቭ» እንደገና ምረጡለት፤ ከዚያ «ራን ናው» በሉት። ካልተለወጠ በስተቀር ዲስኩ በተሰካበት ጊዜ ሁሉ በየሰዓቱ የተለወጡትን ፋይሎች ይቀዳል፤ የድሮ ቅጂዎችንም ያቆያል። ዲስኩ እንዳይሞላ «አድቫንስድ ሴቲንግስ» ውስጥ የሚቆዩበትን ጊዜ መገደብ ትችላላችሁ።

አሁን ዋናው ወጥመድ። ፋይል ሂስትሪ የሚቀዳው ዴስክቶፕን እና እንደ ዶክመንትስ፣ ፒክቸርስ፣ ሙዚክና ቪዲዮስ ያሉትን «ላይብረሪ» የሚባሉ ክፍሎች ነው። ከእኛ መካከል ብዙው ሰው ግን «ሲ ድራይቭ ፎርማት ሲደረግ እንዳይጠፋ» ብሎ ጽሑፉን ዲ ድራይቭ ላይ ያስቀምጣል። ዲ ላይ ያለ ፎልደር በራሱ ባክአፕ አይደረግም። ፎልደሩን በቀኝ ተጭናችሁ «ኢንክሉድ ኢን ላይብረሪ» በሚለው ወደ ዶክመንትስ ላይብረሪ ጨምሩት፤ በዊንዶውስ 11 ላይ መጀመሪያ «ሾው ሞር ኦፕሽንስ» የሚለውን መጫን ያስፈልጋል። ሲና ዲ በአብዛኛው የአንድ ዲስክ ሁለት ክፍሎች መሆናቸውንም አትርሱ። ዲስኩ ሲበላሽ ሁለቱም አብረው ይሄዳሉ፤ ከሲ ወደ ዲ መገልበጥ ባክአፕ የማይባለው ለዚህ ነው።

እስካሁንም እንቢ ካለ

አንደኛ፣ በፋይል ሂስትሪ «አድቫንስድ ሴቲንግስ» ታችኛ ክፍል ላይ የክስተቶችን መዝገብ የሚከፍት ማስፈንጠሪያ አለ። የትኛው ፋይል ለምን እንዳልተቀዳ እዚያ ተጽፎ ታገኛላችሁ። ሁለተኛ፣ የባክአፕ ዲስኩን በቀኝ ተጭናችሁ «ፕሮፐርቲስ»፣ ከዚያ «ቱልስ»፣ ከዚያ «ቼክ» በሉት። በአምቦም በጉደርም በጊንጪም መብራት በድንገት ሲሄድ ወይም ገመዱ በሥራ መሃል ሲነቀል የዲስኩ የፋይል መዝገብ ሊፋለስ ይችላል፤ ይህ ፍተሻ ብዙውን ያቃናል። ሦስተኛ፣ የምትጠቀሙት የሌላ ድርጅት የባክአፕ ፕሮግራም ከሆነና ዲፌንደር ከከለከለው፣ በዊንዶውስ ሴኩሪቲ ውስጥ «ራንሰምዌር ፕሮቴክሽን» ገብታችሁ ያን ፕሮግራም በስም ፍቀዱለት። ለአንድ ፕሮግራም ብላችሁ ዲፌንደርን በሙሉ አትዝጉ።

ፈተናው፦ አንድ ፋይል መልሱ

የዚህ ጽሑፍ ዋና መልእክት ይኸው ነው። ባክአፕ መሥራቱ የሚታወቀው አረንጓዴ ምልክት በማየት አይደለም፤ ፋይል መልሶ በማግኘት ነው። ለሙከራ አንድ የወርድ ፋይል ጻፉ፤ «ራን ናው» በሉ፤ ሲጨርስ ፋይሉን ከላፕቶፑ ላይ አጥፉት። ከዚያ በፋይል ሂስትሪ ውስጥ «ሪስቶር ፐርሰናል ፋይልስ» የሚለውን ከፍታችሁ መልሱት። ተከፍቶ ከተነበበ ባክአፕ አላችሁ። ካልሆነ ያላችሁ የባክአፕ ተስፋ ብቻ ነው። ይህን ሙከራ አንቲቫይረስ ባወጣችሁ ወይም በቀየራችሁ ቁጥር አድርጉት። ለሳምንታዊው ቅጂም ቀን ካስፈለገ ጁምዓ ይመቻል፤ ከሶላት መልስ ዲስኩን መሰካት ልማድ ከሆነ አይረሳም።

ዲስኩን ሰክቶ መተው ግን ልክ አይደለም። በግንቦት 2009 ዓ.ም. ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ 150 ያህል አገሮችን ሲያዳርስ ፋይሎችን ቆልፎ ገንዘብ ከመጠየቁ በተጨማሪ፣ ዊንዶውስ በውስጡ ያስቀመጣቸውን የሻዶው ኮፒ ቅጂዎች ያጠፋ ነበር። እንዲህ ያለ ቫይረስ ሲገባ ተሰክቶ የተገኘ ዲስክ አብሮ ይቆለፋል፤ የተነቀለ ዲስክ ይተርፋል።

የእኛ ቅርብ ጠላት ግን የፍላሹ ቫይረስ ነው። ፕሪንት ቤት ሄዶ የተመለሰ ፍላሽ ፎልደሮቹ ሁሉ ወደ «ሾርትከት» ተለውጠው ይገኛሉ። ይህን ስታዩ ሾርትከቱን አትጫኑ፤ ቫይረሱ የሚነሣው ሲጫን ነው። ፋይሎቹ ብዙ ጊዜ ተደብቀዋል እንጂ አልጠፉም። መጀመሪያ በዲፌንደር አስፈትሹት፤ ቀጥሎ የተደበቁ ፋይሎችን የሚያሳየውን ምርጫ ከፍታችሁ ፈልጉ። የባክአፕ ዲስካችሁን ደግሞ ወደ ፕሪንት ቤት ይዛችሁ አትሂዱ፤ ለማሳተም የሚሄደው ሌላ ፍላሽ ይሁን፤ የሚቻል ከሆነም ፒዲኤፉን ብቻ ይያዝ።

ኢንተርኔት ላይ ማስቀመጥስ?

ጎግል ድራይቭ 15 ጊጋባይት፣ ዋንድራይቭ 5 ጊጋባይት በነፃ ይሰጣሉ። ለጽሑፍና ለኤክሴል ፋይል ከበቂ በላይ ነው። ሆኖም ሁለት ነገር እናስብ። አንደኛ፣ እነዚህ ፋይሉን ያመሳስላሉ፤ ከላፕቶፑ ስታጠፉት ከዚያም ይጠፋል። በቆሻሻ መጣያው ውስጥ የሚቆየው ለተወሰነ ጊዜ ነው፤ በጎግል ድራይቭ 30 ቀን። ሁለተኛ፣ መስመሩ ሁልጊዜ አይኖርም። ከሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንት ያህል ተቋርጦ እንደነበር በአምቦ የነበረ ሁሉ ያስታውሰዋል። ብቸኛ ቅጂው ኢንተርኔት ላይ ብቻ የነበረ ሰው ያን ጊዜ ሁሉ ከፋይሉ ጋር ተለያይቶ ቆየ።

ስለዚህ በዓለም ላይ የተለመደው 3-2-1 የሚባለው ደንብ ለእኛም ይሠራል፦ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከምትኖሩበት ቦታ ውጭ። ላፕቶፑ ላይ አንድ፣ ኤክስተርናል ዲስኩ ላይ አንድ፣ ኢንተርኔት ላይ ወይም በቤተሰብ ቤት አንድ። ዶርም ውስጥ ላፕቶፑና ዲስኩ በአንድ ቦርሳ ከተቀመጡ ሌባ ሁለቱንም በአንድ እጅ ይወስዳቸዋል።

የአደራ ጉዳይ

ጉዳዩ የግል ፋይል ብቻ አይደለም። በጀመዓችን ኮምፒውተሮች ላይ የአባላት ዝርዝር፣ የእህቶች ስልክ ቁጥር፣ የሶደቃ መዋጮ ሒሳብና የደርስ ፕሮግራም ይቀመጣል። ይህ አማና ነው። ኃላፊው ሲመረቅ ባክአፑ በእርሱ የግል አካውንት ላይ ከቀረ ለተተኪው የሚደርሰው ባዶ ኮምፒውተር ነው። ርክክብ ሲደረግ የባክአፕ ዲስኩም፣ የይለፍ ቃሉም፣ አንድ ፋይል መልሶ የማሳየት ሙከራውም አብረው ይረከቡ። ዲስኩ የሰዎች ስም ያለበት ስለሆነ የትም አይጣል።

መጠባበቂያ ማዘጋጀት ከተወኩል ጋር እንደማይጋጭ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ግመልን አስሮ በአላህ ስለመመካት ያስተማሩት ትምህርት ይበቃናል። ሶሓቦችም ከየማማ ጦርነት በኋላ ብዙ ሑፋዞች ሸሂድ ሲሆኑ ቁርኣን በልብ ተሐፍዞ ሳለ በጽሑፍም እንዲሰበሰብ አድርገዋል፤ በዑስማን (ረ.ዐ) ዘመን ደግሞ ቅጂዎቹ ወደ ተለያዩ ከተሞች ተልከዋል። የእኛ ፋይል ከዚያ ጋር የሚወዳደር አይደለም፤ ሰበብን ማድረስ ግን ከእነርሱ የተማርነው ነው።

አንቲቫይረስ በቅርቡ ያወጣችሁ ካላችሁ እስከ መጪው ጁምዓ አትጠብቁ። ዛሬ ማታ አንድ ፋይል አጥፍታችሁ መልሱ። ካልተመለሰላችሁ ጥገናውን ከላይ ካለው ቅደም ተከተል ጀምሩ፤ ያልገባው ካለም ጎረቤት ዶርም ያለ ወንድም ወይም እህት ይርዳው።

አላህ ጠቃሚ ዕውቀትን ይስጠን፤ ድካማችሁንም ከብክነት ይጠብቅላችሁ።